የልጄ ካልፕሮቴክቲን 640 ሆነ፤ ሲአርፒው ግን ደህና ነው፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ (እናት፣ ከሐዋሳ)
የ9 ዓመት ልጄን ሆዱን ሲያመው አራት ወር አለፈው፤ ሌሊት እየነቃ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጣል፣ አልፎ አልፎም በሰገራው ላይ ደም አያለሁ። አምና የገዛሁለት የትምህርት ቤት ሱሪ ዘንድሮም ርዝመቱ ልክ ነው፤ ወገቡ ግን ሰፍቶት በቀበቶ ጠብቆ ታስሮ ነው የሚሄደው። በአንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ «አሜባ ነው» ተብሎ መድኃኒት ቢወስድም አልተሻለውም። አሁን የሰገራ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ካልፕሮቴክቲኑ በግራም 640 ማይክሮግራም ሆነ፤ የደም ሲአርፒው ግን ደህና ነው ተባልኩ።

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)
እህቴ፣ የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ ሁለቱም ውጤቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ካልፕሮቴክቲን ኒውትሮፊል በተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ አንጀት ሲቆጣ ሕዋሳቱ ወደዚያ ስለሚጎርፉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሲአርፒ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ቁጣ ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፤ የሚያመነጨውም ጉበት ነው፤ በተለይ በአልሰረቲቭ ኮላይተስ (የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን በሚያቆስለው ሥር የሰደደ ሕመም) ሕመሙ እያለም ላይጨምር ስለሚችል፣ በእሱ ተጽናንተው እንዳይቀመጡ እለምንዎታለሁ። በዚህ ዕድሜ የካልፕሮቴክቲን የተለመደው ወሰን በግራም 50 ማይክሮግራም ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ አንጀቱ መቆጣቱን እንጂ ምን እንዳስቆጣው አይናገርም፤ ሺጌላም (ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) የአንጀት ቲቢም ከፍ ያደርጉታል። ቲቢ ከክሮንስ (ሌላው ሥር የሰደደ የአንጀት ቁጣ ሕመም) ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ሳይጣራ ለክሮንስ የሚሰጠውን ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) መጀመር አደገኛ ነው። የሰገራ ካልቸር (ባክቴሪያ አሳድጎ መለየት)፣ እንዲሁም በደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢንና አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ይታዩለት፤ ሕመሙን የሚለየው ግን ከላይም ከታችም የሚደረገው ኢንዶስኮፒ (አንጀቱን በካሜራ ማየት) እና በዚያው የሚወሰደው ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ ሥጋ) ነው።

መልስ (የላብራቶሪ ባለሙያ)
ፕሮቲኑ በሰገራ ውስጥ ቶሎ ስለማይበላሽ፣ ናሙናው በሚገባ ተይዞ ከሆነ የአዲስ አበባ መንገድ ያን ያህል አያሳስብም። ወደፊት ለክትትል ሲደገም በዚያው ላብራቶሪ ይሁን፤ የመመርመሪያ ኪቶች ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን ማወዳደር ያስቸግራል። ልጁ አይቡፕሮፌን ወስዶ ነበር? እሱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።

ጠያቂዋ
አዎ፣ ጉልበቱን ሲያመው ለአንድ ሳምንት ሰጥቼዋለሁ። ታዲያ ምርመራው ይደገም?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)
የአንድ ሳምንት አይቡፕሮፌን የአራት ወር ደምና የዕድገት መቆምን አያስረዳም፤ እንዲደገም ብለው ለኢንዶስኮፒው የሚላክበትን ሪፈራል አያዘግዩ። የጉልበቱ ሕመም ራሱ ከአንጀቱ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ለሚያየው ሐኪም ሳይነግሩ እንዳይቀሩ፤ ለጉልበቱም አይቡፕሮፌኑን ትተው ፓራሲታሞል ይስጡት። ከዚህ ቀደም ክብደቱና ቁመቱ የተመዘገበበት ካርድ ካለ ይዘው ይሂዱ።