ሁሉም ሲመታ ማን ይሰማል? ስለ ደሴ የእሑድ ከበሮ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ መልሶች

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ፣ ከሆጤ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ በየሳምንቱ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ከበሮ በጋራ ለመምታት እንሰበሰባለን። ስንጀምር ሰባት ነበርን፤ አሁን ከሃያ በላይ ሆነናል። ሐሳቡን ያመጣው ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ ጓደኛችን ነው። በአሜሪካ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ባለሙያና ጀማሪ ሳይለይ፣ ያለ ኖታና ያለ ልምምድ ከበሮ የሚመቱበት ልማድ እንዳለ፣ የግሬትፉል ዴድ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረው ሚኪ ሃርትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በአሜሪካ ሴኔት የአረጋውያን ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በቡድን ከበሮ መምታት ለአረጋውያን የሚሰጠውን ጥቅም እንዳስረዳ የነገረን እሱ ነው። ቤተሰቦቻችን ሲሰሙ "የወሎ ሰው ከበሮ ከአሜሪካ ሊማር ነው ወይ?" ብለው ሳቁብን፤ እኛም አብረን ሳቅንና ቀጠልን።

ቅሬታዬ እንዳይሸፍነው ደስታውን አስቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ ላይ የምንሰማው ድምፅ እርስ በርሱ የተጣላ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን፣ ማንም ምልክት ሳይሰጥ፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ይመጣና ሁሉም እጅ በአንድነት የሚያርፍበት ጊዜ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሰው ወሬ አያምረውም፤ ስልኩንም ይረሳዋል። ጡረታ የወጡ አንድ አባት አብረውን አሉ፤ ከመጡ ጀምሮ የሚመቱት አንድ ዓይነት ምት ብቻ ነው፤ ሰፊውን የከበሮ ፊት በመዳፋቸው ድም ያደርጉና ጥቂት ቆይተው ይደግሙታል፤ ሌላ ነገር ሞክረውም አያውቁም። እሳቸው የቀሩ እሑድ ሁላችንም መያዣ እናጣለን።

የሚያስመርረኝ ደግሞ ይህ ነው። ከመካከላችን ሦስት ብርቱ መቺዎች አሉ፤ በተለይ አንደኛው እጁ ከባድ ነው፤ ችሎታ የለውም ማለት ግን አይቻልም። እሱ ሲገባ የሌላው ሁሉ ድምፅ ይዋጣል፤ የተዋጠው ሰው ራሱን ለመስማት ጠንክሮ ይመታል፤ ያ ሰው ሲያጠነክር ደግሞ ጎረቤቱም ያጠነክራል። በዚህ ላይ ፍጥነቱ አለ፦ በዝግታ የጀመርነው ምት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሆናል፤ ማን እንዳፈጠነው ብትጠይቁ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። አዲስ የመጡ ሰዎች ሁለት እሑድ ታግሠው በሦስተኛው ይቀራሉ። እጀ ከባዱን ሰው እንዳልቆጣው ደግሞ ከመሥራቾች አንዱ ነው፣ ከከበሮዎቹም ሦስቱ የራሱ ናቸው።

ጥያቄዬ፦ መሪ እንሹም ወይ? ከሾምንስ፣ ሁሉም እኩል የሚቀመጥበት ክብ መሆኑ አይቀርም ወይ?

መልስ፦ የሳላይሿ

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ችግራችሁ አዲስ አይደለም፤ የምትፈልጉትም መሪ አይመስለኝም። የጎደላችሁ ዘፈን ነው።

በእኛ አገር ከበሮ ለብቻው ቆሞ አያውቅም። ሠርግ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ አውራጇ ግጥሟን ስታወጣ ከበሮ የያዘችው ሴት እጇን ታለዝባለች፣ ምክንያቱም ግጥሙ ካልተሰማ ተቀባዩ ምን ብሎ ይቀበላል? ተቀባዩ በጭብጨባ ሲነሣ ከበሮውም አብሮ ይነሣል፤ እልልታው ሲመጣ ደግሞ እንደ ልቡ ይሆናል፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ስንኝ ተመልሶ ይወርዳል። መንዙማም ላይ እንዲሁ ነው፤ ድቤው ቃሉን ይሸከማል እንጂ አይጫነውም፤ ምቱን በቃሉ ላይ የሚያከብድ ሰው ካለ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው ያዩታል፣ ያ ይበቃዋል። በቤተ ክርስቲያንም አንዱን ዝማሬ በመረግድ በዝግታ ጀምረው በጽፋት ያፋጥኑታል፤ መፋጠኑ ሥርዓቱ በወሰነው ቦታ ይመጣል እንጂ የአንድ ሰው እጅ ስለሞቀ አይመጣም።

እናንተ ቃሉን አውጥታችሁ ከበሮውን ብቻ አስቀራችሁ፤ ስለዚህ ማንም ዝቅ የሚልበት ምክንያት የለውም። አንድ አውራጅ በመካከል አስቀምጡ፤ ድምፁ የሚያምር መሆን የለበትም፣ ስንኝ የማይጠፋው ይሁን እንጂ። ያን ሰው መስማት ካቃታችሁ ከበሮው በዝቷል ማለት ነው፤ ሌላ መለኪያ አያስፈልጋችሁም። ማንንም መቆጣት አይጠበቅባችሁም፤ እጀ ከባዱም ቢሆን ግጥም ሲያመልጠው ራሱ ያፍራል።

ሌላም የምለው አለኝ። እንዲህ ዓይነት ስብስብ ላይ፣ የእናንተ ይሁን የሌላ አላውቅም፣ አንድ ጊዜ ተገኝቼ ነበር። ከበሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ገና ሁለት ጊዜ እንደመታሁ አንድ ወጣት "ላሳይሽ" ብሎ ወሰደው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኅቶቼንና የጎረቤቶቼን ሠርግ በከበሮ የዳርኩ ሰው ነኝ! አመሰግናለሁ ብዬ ሻይ ለማፍላት ተነሣሁ፤ ዳግመኛም አልሄድኩም። በጽሑፍህ "አዲስ የመጡ ሰዎች ይቀራሉ" ብለሃል፤ ከቀሩት መካከል ስንቶቹ ሴቶች እንደነበሩ ብትቆጥር መልካም ነው።

መልስ፦ የቦርከናው

ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። የሳላይሿ እኅታችን ያለችው ልክ ነው፤ ሆኖም የጠያቂው ችግር ከፊሉ ቆዳው ላይ ያለ ይመስለኛል፤ በዚህ የሚከሰስ ሰውም የለም።

ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይረግባል፣ ሲደርቅና ሲሞቅ ይወጠራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደው ጭጋግ ለማንም አዲስ አይደለም። እኛ ግን ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብለን እንሞቃለን። እዚህ ጥሩ የሚጮኽ ከበሮዬን መኪና ላይ ጭኜ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስደርስ፣ በተለይ በክረምት፣ እንደ እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ ዱፍ ዱፍ ይላል። የረገበ ከበሮ ድምፁ ስለማይወጣ ሰው በጉልበት ያወጣዋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከበሮዎቹን ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አስጧቸው፤ ፀሐይ ከሌለ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አሙቋቸው፤ እሳት ላይ የተጠጋ ቆዳ ግን ይሰነጠቃል፣ ይህን በራሴ ንብረት ተምሬዋለሁ።

ስለዚያ ብርቱ ጓደኛችሁ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገርህ። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ጠባቡ ፊት ድምፁ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ ሰፊው ወፍራም ስለሆነ ሌላውን ከሥር ይደግፋል። እጀ ከባድ ሰው ጠባቡን ፊት ሲመታ ነው መከራው የሚመጣው። "ወፍራሙን የሚችልልን ሰው አጣን" በሉትና ሰፊውን ፊት ስጡት፤ ደግሞም ውሸት አይሆንባችሁም፣ በእውነት ጉልበት የሚፈልገው እሱ ነው። ከአባታችን ጎን አስቀምጡት። ከመካከላችሁ በላስቲክ የተለበጠ የፋብሪካ ከበሮ ወይም ጀምቤ የያዘ ካለ ግን ከሌሎቹ ትንሽ አርቁት፤ ጀምቤ የምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች ከበሮ ነው፣ የተወጠረው የፍየል ቆዳው ብዙ ከበሮ ባለበት መካከል እንኳ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ የእኛን የበሬ ቆዳ ከበሮ በቀላሉ ይሸፍነዋል።

መልስ፦ ነጭ ጋውን

የጤና ባለሙያ ነኝና በአጭሩ ልናገር። እየተጨዋወታችሁበት ያለው "መዋጥ" ጆሮንም ይጎዳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 94 ሲደርስ አንድ ሰዓት፣ 100 ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሃያ ከበሮ ሲመታ ምን ያህል እንደሚደርስ በስልክ መለኪያ መሞከር ትችላላችሁ፤ የስልክ መለኪያ በጣም ትክክለኛ ባይሆንም መጠኑን ይጠቁማል። ወደ ቤት ስትመለሱ ጆሯችሁ የሚጮኽ ከሆነ ከልኩ ያለፈ ነገር አለ ማለት ነው። በየመካከሉ ዕረፍት አድርጉ፤ ቢቻል በደጅ ምቱ።

መልስ፦ ያለ ቃል

ሁላችሁንም እያከበርኩ ከሳላይሿ እኅታችን ጋር አልስማማም። እኔ በሌላ ተመሳሳይ ስብስብ ውስጥ ነኝ፤ እዚያ የምሄደው ቃል ስለሌለ ነው። ዘፈን ስታስገቡ ወዲያውኑ "የማን ዘፈን?" የሚል ጥያቄ ይከተላል። መንዙማ ከሆነ አንዱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መዝሙር ከሆነ ሌላው ይነሣል፤ ተራ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚያፍሩ አሉ። ባዶው ምት ግን ሁላችንንም እኩል ያስቀምጣል። በ2017 እና በ2018 ሁዳዴና ረመዳን ሁለቱም በየካቲት ስለገቡ እኛ ሁለቱንም ጊዜ ያለ ብዙ ክርክር በአንድነት አቆምን፤ ከበሮው የአንድ ወገን ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይቀልም ነበር። መሪን በተመለከተ ደግሞ የእኛ ደንብ ቀላል ነው፦ የጎረቤትህን ከበሮ መስማት ካልቻልክ አንተ ቀንስ። በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ለመልመድ ግን አራት ወር ፈጅቶብናል።

መልስ፦ የሳላይሿ

ወንድሜ ያለ ቃል፣ የሠርግ ዘፈን የማን ወገን ነው? የወሎ ሰው ጎረቤቱን ሲድር ሃይማኖቱን ጠይቆ አጨብጭቦ አያውቅም። እኔ የሙስሊም ሙሽራም የክርስቲያን ሙሽራም ፊት በአንዱ ከበሮ ገብቻለሁ፤ ቆዳውም አልተቀየረ። ስለ ጾሙ ያልከው ግን እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ።

ጠያቂ፦ ጦሳ ሥር

ለሰጣችሁኝ መልስ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ወዲህ ሦስት እሑድ አልፏል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው እሑድ ከበሮዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው፤ ድምፃቸው በእርግጥ ተለወጠ። ጓደኛችንን የቦርከናው እንዳለው ወፍራሙን እንዲይዝልን ጠየቅነው፤ ደስ ብሎት ተቀበለና ከአባታችን ጎን ተቀመጠ። ሆኖም ከእሳቸው ጋር አልሄደም፤ ደጋግሞ ቀደማቸው። እሳቸው አልተናገሩትም፣ አላፈጠኑምም። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን እሱ ራሱ አቆመና እጁን ከበሮው ላይ ጥሎ ለረጅም ጊዜ እሳቸውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ እንደገና ሲገባ በእሳቸው ምት ላይ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ሳይመጣ ቀረ፤ እውነቱን ለመናገር ስብስቡ ቀዘቀዘ፣ ጨው የሌለው ወጥ ሆነ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። በሦስተኛው መጣ።

ዘፈኑን በተመለከተ ተከራከርንና አልተስማማንም፤ ስለዚህ ለጊዜው የመጀመሪያውን ሰዓት ያለ ቃል፣ ሁለተኛውን በአውራጅ እናደርጋለን። አውራጅ ሆነው የተገኙት የግቢው ባለቤት እናት ናቸው፤ እስካሁን ቡና ሲያፈሉልን ነበር እንጂ አልጠየቅናቸውም። የሳላይሿ እኅቴ እንዳለችው ቆጠርኩ፦ ከቀሩት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ለአራቱ ደውያለሁ፤ ሁለቱ እንመጣለን ብለዋል፤ አንዷ ግን "የራሴን ከበሮ ይዤ ነው የምመጣው፣ ማንም እንዳይነካው" ብላኛለች።

የስልክ መለኪያው በመጨረሻው እሑድ 97 አሳይቶናል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ፣ ዝናብ ካልከለከለን፣ ውጭ ሜዳ ላይ እንቀመጣለን። በ10 ሰዓት ገደማ አዛን ሲሰማ አቁመን ቡና እንጠጣለን፤ ይህ ግን መጀመሪያም የነበረ ነው።