ሦስተኛው ፈተና ረቡዕ ነው

የሌሊት ሹፌር፦ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ዩኒፎርሙን ሳይ ራሱ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ጉዳዬ ግን የእኔ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ አውቶቡስ የሚያጥብ ልጅ አለ፤ በዲቪ የመጣ፣ አገር ቤት ሲኖትራክ የነዳ። የሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪናና የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ፣ ፈተና ሁለቴ ወደቀ። መንዳት ላይ አይደለም፣ መኪናውን እየዞሩ በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ፈረቃዬ ሳይገባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እያለማመድኩት ነው። ረቡዕ ሦስተኛው ነው። ከወደቀ ትምህርቱን እንደገና ከሀ ይጀምራል ወይስ ሌላ ቀጠሮ ይሰጡታል? ወንድሙ ከአዲስ አበባ በየቀኑ እየደወለ «ትራኩ የት ደረሰ?» ይለዋል።

ባለ 18 ጎማ፦ ሲኖ? ያ «ቀይ ሽብር» የምንለው? በል ስማኝ፣ አሠራሩን ልንገርህ። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በተመዘገበ ተቋም ሳይሠለጥን ለመንዳት ፈተና አይቀርብም። ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ካወጣ በኋላም 14 ቀን መጠበቅ አለበት። አስተርጓሚ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ኤር ብሬኩን፣ በንፋስ የሚሠራውን ፍሬን፣ በትክክል ካልፈተሸ ወዲያው ወደቀ ማለት ነው፤ ሞተር አጥፍቶ ፍሬኑን 1 ደቂቃ ረግጦ ሲይዝ የንፋሱ ግፊት ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያው ነው) በላይ መውረድ የለበትም።

የሌሊት ሹፌር፦ 4 ተሳቢ ላለው ነው። ለአውቶቡስ 3።

ባለ 18 ጎማ፦ እኔ 4 ብዬ ነው ያለፍኩት።

የሌሊት ሹፌር፦ ተሳቢ ስለነበረህ ነዋ!

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦ ይቅርታ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው። አባቴ የደሴን መንገድ ይነዳ ነበር። ጣርማበር ላይ ረዳቱ ታኮ፣ መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረገውን፣ ታቅፎ ሲዘል አሁንም ይታየኛል። እናቴ ከሰፈር ጫፍ የፍሬኑን ትንፋሽ ስትሰማ ነበር ጀበናውን የምትጥደው። እዚህ የቆሻሻ መኪና ሲቆም በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ሂሳብ ይቅደም፦ እኔ የምለው፣ አንተ ምን ታገኛለህ? አንዱን እንዲሁ አሠልጥኜ ዛሬ የቅዳሜ ኦቨርታይሜን እሱ ነው የሚሠራው። ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ።

የሌሊት ሹፌር፦ ከፈለገ ይውሰደው። ልጁ ቃሉ ነው እንጂ የጠፋው መኪናውን በጆሮው ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ኋላ ጎማ ጋ አንገቱን አዘንብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ይተነፍሳል» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ምንም አያፈስም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እያደረግኩ ስፈርም፣ አንድ ቀን ቆሜ አዳምጬ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሰማሁ፤ እውነትም ይተነፍሳል። መካኒኩ ቱቦውን ቀየረው። ከዚያ ወዲህ የራሴን አውቶቡስ ስዞር እየሰማሁ ነው። የማንቂያ ደወል ሳይጮህ እነሣለሁ። ባለቤቴ «ደሞዝ ጨመሩህ እንዴ?» አለችኝ።

ሂሳብ ይቅደም፦ ይሄ ግጥም ነው። ቤት ኪራይ በግጥም አይከፈልም።

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦ አንተንስ የመጀመሪያ ሥራህን ያስገባህ ማን ነው? ከሰማይ ዱብ አልክ?

ሂሳብ ይቅደም፦ በራሴ ገንዘብ፣ በራሴ ላብ! ማንም ውለታ የዋለልኝ የለም።

ባለ 18 ጎማ፦ የአክስትህ ልጅ ሳሎን ስድስት ወር ስትተኛ ኪራይ ትከፍል ነበር?

ሂሳብ ይቅደም፦ ማን ነገረህ?

ባለ 18 ጎማ፦ የአክስትህ ልጅ።

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦ ኧረ ተዉ፣ የሰውየው ጥያቄ ተረሳ። ሜሪላንድ ያለ ጎረቤቴ ደጋግሞ ተፈትኖ ነው ያለፈው፤ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያልና ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ ደውላችሁ አረጋግጡ።

የሌሊት ሹፌር፦ ጠዋት እደውላለሁ። አሁን ልተኛ፣ 10 ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል። ታኮን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አሁንም እየጠፋው ነው።

ባለ 18 ጎማ፦ «ዊል ቾክ» በለው። ቁጥሩ ግን 4 ነው።