ቴልማ ሪተር፦ ስድስት እጩነት፣ ዜሮ ኦስካር?

ጥያቄ፦ ቴልማ ሪተርን የማውቃት በ«ሪር ዊንዶው» ነርሷን ስቴላን ሆና ስትሠራ ብቻ ነው። ስድስት ጊዜ ታጭታ አንድም ኦስካር አላገኘችም የሚባለው እውነት ነው? ሌላ የትኛውን ፊልሟን ልይ?

መልስ 1፦ እውነት ነው፤ ስድስቱም በረዳት ተዋናይነት። ከ1950 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. በወጡ ፊልሞች አራት ዓመት በተከታታይ ታጨች፤ ከዚያ በ1959ኙ «ፒሎው ቶክ» እና በ1962ቱ «በርድማን ኦፍ አልካትራዝ»። በመጀመሪያው ዙር፣ ለ«ኦል አባውት ኢቭ» ስትታጭ፣ ሌላዋ ተዋናይት ሰለስት ሆልምም ከዚያው ፊልም ታጭታ ስለነበር ድምፁ ሳይከፋፈል አልቀረም። ሽልማቱን ጆሴፊን ኸል ወሰደችው።

መልስ 2፦ «ፒክአፕ ኦን ሳውዝ ስትሪት»ን አስቀድም። ሞ የምትባል ከረባት ሻጭና የፖሊስ ጠቋሚ ናት፤ የምታጠራቅመው ለመቃብር ቦታዋ ነው። ሸክላው እየተጫወተ ድካሟን የምትናገርበትን ትዕይንት ልብ በል፤ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አታደርግም። የመጀመሪያ ፊልሟን፣ የ1947ቱን «ሚራክል ኦን 34ዝ ስትሪት»፣ ካየህ ደግሞ ስሟን በተዋንያን ዝርዝር አትፈልግ፣ አልተጻፈም። መጫወቻ ፍለጋ የደከመችው እናት እሷ ናት፤ ያኔ 45 ዓመቷ ነበር።

መልስ 3፦ ኦስካር ባይሳካ ቶኒ፣ የብሮድዌይ ቲያትር ሽልማት፣ አላት። በ1958 ለ«ኒው ገርል ኢን ታውን» ሙዚቃዊ ቲያትር አብራት ከተወነችው ከግዌን ቨርደን ጋር እኩል ወጥተው ሁለቱም ተሸለሙ።