«ድምፅ የሌላቸው» የተባልነው እነማን ነን? ስለ አድቮኬሲ ሥልጠና ገንዘብ

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ ፕሮጀክት ማስጀመሪያ ላይ አንድ ኃላፊ «ድምፅ የሌላቸውን ወገኖች በአድቮኬሲ (መብትን ጠይቆ ባለሥልጣንን በማሳመን) አሠልጥነን ድምፅ እንዲኖራቸው እናደርጋለን» ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን የገንደ ቆሬ ሰፈር ሌሊቱን ሙሉ ጮኾ አድሯል። እናቴ ቦኖ ተሰልፋ ስለ ውኃው ስትናገር የማይሰማት ጎረቤት የለም፤ የማይሰማት ቢሮ የተቀመጠው ሰው ነው። ገንዘቡ የሚያስፈልገው እሱን መስማት ለማስተማር ይመስለኛል።

የሳቢያን መምህር፦ ወንድሜ፣ አነጋገሩ እኔንም አስከፍቶኛል፤ ነገር ግን ስለ አንድ ቃል ብለን ሥራውን አንጣል። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ መሥራት ተከልክሎ፣ ብዙዎቹ ወይ ተዘግተው ወይ ወደ እርዳታ ማደል ዞረው አሥር ዓመት እንዳለፈ እናስታውሳለን። እሱን በተካው አዋጅ 1113/2011 በሩ ተከፈተ፤ በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ብዙ ፕሮጀክት በመሃል ቀረ። የተረፈውን ጥቂት ገንዘብ እኛው ራሳችን እንዳናስቀረው እሰጋለሁ።

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ መምህር፣ በሩ የተከፈተው ለድርጅቶቹ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት ሰጥቶናል፤ ይህን መብት የምንጠቀምበት ስብሰባ ሳይጠራ ስለ መብቱ ብንሠለጥን ምን ይፈይድልናል?

የለገሃሬዋ፦ «ድምፅ የሌላቸው» ስለተባለው እኔም ልናገር። ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። ለሁለት ቀን ሥልጠና ተጠርቶ ሄዶ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስላልነበረ ሁለቱንም ቀን የፍሊፕ ቻርቱን ወረቀት ሲያይ ዋለ። ለውሎ አበሉ ስለፈረመ ከሠልጣኞቹ ጋር ተቆጥሯል። ከአጠገቡ የነበሩት ሶማሊኛና ኦሮምኛ ብቻ የሚችሉ እናቶችም በአማርኛ ከተነገረው የያዙት ጥቂት ነው። ድምፁን ያሳጣው አዳራሹ ነው።

የቀድሞ አሠልጣኝ፦ እህቴ፣ የወንድምሽ ነገር ያሳፍራል፤ ማስተባበያ የለኝም። ሆኖም ያየሁትን ልመስክር። በእኛ ሰፈር የዕድር ሴቶች ስለ ተበላሸ ቦኖ ሦስት ጊዜ በቃል አመልክተው «እናያለን» ተብለው ተመለሱ። ከሥልጠናው በኋላ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጽፈው መዝገብ ቤት ወሰዱ፤ አንዱን አስገብተው በሌላው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ያን ወረቀት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲያወጡት «አልደረሰንም» የሚል አልተገኘም። ውኃው ገና አልመጣም፤ ነገር ግን መልሱ በጽሑፍ መጥቷል።

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ ይህማ ግማሽ ቀንና የዕድር ድንኳን ይበቃዋል። ለዚህ የሆቴል አዳራሽ ለምን ተከራየ?

የሳቢያን መምህር፦ ገንዘቡ እንዲሁ አይባክንም፤ አዋጅ 1113/2011 የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል።

የለገሃሬዋ፦ መምህር፣ አዳራሹና ውሎ አበሉ እኮ የፕሮጀክቱ ሥራ ተብለው ስለሚመዘገቡ ገደቡ አይነካቸውም። አስተርጓሚ ግን «በጀት የለውም» ይባላል።

የቀድሞ አሠልጣኝ፦ ውሎ አበሉን አትንቁት። ጉሊት የምትውል እናት አንድ ቀን ከቀረች ልጆቿ የሚበሉት ይጎድላል፤ ያለ ክፍያ ጠርተናት ብትቀር መውቀስ አንችልም። ድንኳኑን ግን እቀበላለሁ።

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ ለእሷስ ይከፈላት፤ የተጣላሁት ከአዳራሹ ኪራይና ከዚያ ቃል ጋር ነው። ኃላፊው «ድምፅ የሌላቸው» ያሉትን እዚያው ሰፈራችን መጥተው ያንሡልኝ።

የሳቢያን መምህር፦ ቃሉን ቢያነሡ በሥልጠናው ትሳተፋለህ?

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ መጀመሪያ ያንሡት።