ክርክር፦ «ዘሯ ውስጥ ካንሰር አለ» ተብሎ ጋብቻ ይፈርሳል?

ከደሴ፣ ጥያቄውን ያነሳሁት
ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ዋላችሁ። ይህ ነገር ሆዴን ሲበላው ሰንብቷል። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። የቅሬው ድንኳን ሳይቀር ተነግሮለታል። ከዚያ የወንዱ ወገን ድንገት ሐሳቡን ቀየረ። የልጅቱ እናትና አክስት በጡት ካንሰር ነው ያለፉት። ይህን ከሰው ሰሙና «ዘሩ ውስጥ አለ፣ ለልጅ ልጆቻችን አንሻም» አሉ። ልጅቱ ከቤት መውጣት አቁማለች። ይህ ትክክል ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። የእናንተን ደግሞ ልስማ።

ከወረኢሉ፣ አባት
እህቴ፣ ለልጅቱ አዝኛለሁ። ግን የወንዱን ቤት ብቻ አንውቀስ። እኛ ዘር ሳንጠይቅ ተጋብተን አናውቅም። ሰባት ቤት እንቆጥራለን። በሽታም ይጠየቃል። እኔም ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ አለኝ። የሚያውቁትን ቢደብቁኝ ይከፋኛል። ሐኪሙስ ቢሆን «ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ?» ብሎ አይደል የሚጠይቀው? በዘር የማይመጣ ከሆነ ለምን ይጠይቃል?

ከደሴ፣ ነርስ ነኝ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ እንጠይቃለን። የምንጠይቀው ሴትዮዋን ቀድመን ለመመርመር ነው እንጂ ትዳር እንዲፈርስባት አይደለም።

ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የሰውነት መመሪያ ነው። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከተወረሰ የተበላሸ ጂን የመጣባቸው ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። በጣም የታወቁት ጂኖች ብራካ 1 እና ብራካ 2 ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ነው ተለይተው የታወቁት። የቀሩት ታማሚዎች ግን ይህ የለባቸውም። ብዙዎቹ እናታቸውም አክስታቸውም አልታመሙም።

ሌላም አለ። ጂኑ በአባትም በኩል ይወርዳል። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይታመምም። ለልጁ ግን እኩል በእኩል ዕድል ያስተላልፋል። ሴት ልጅ ያልበዛበት ቤት ውስጥ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይታይ ሊሄድ ይችላል። ታዲያ የሙሽራው ቤት ንጹሕ መሆኑን በምን አወቁ?

ከኮምቦልቻ
እኔ ይህ ዘር ዘር የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም። ቦርከናን ሄዳችሁ እዩት። የፋብሪካው ፍሳሽ የት ይገባል? ትኩስ ወጥ በፌስታል እንቋጥራለን። ጫት ላይ ዲዲቲ ይረጫል። አያቴ ይህን ሁሉ አታውቅም፣ የጡት ካንሰርም አታውቅም። በሽታው የመጣው ከአካባቢው ነው። ልጅቱን ትታችሁ ወንዙን ክሰሱ።

ከወረኢሉ፣ አባት
ወንድሜ፣ አንድ ወንዝ የሚጠጣ ሰፈር ሁሉ አይታመምም እኮ። ለምን የእሷ እናትና አክስት?

ከወልድያ፣ የባዮሎጂ መምህር
ሁለታችሁም ግማሹን ነው የያዛችሁት። ስዊድን፣ ዴንማርክና ፊንላንድ ውስጥ 44,788 ጥንድ መንትዮች ተጠንተው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። በጡት ካንሰር ላይ የውርስ ድርሻ 27 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ከኑሮ፣ ከአካባቢና ከአጋጣሚ ነው። ከአንድ እንቁላል የወጡ መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው። አንዷ ታማ ሌላዋ ሳትታመም የምታረጅበት ጊዜ ግን ብዙ ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜሪ ክሌር ኪንግ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው። ኒውዮርክ አካባቢ ያሉ የአሽከናዚ አይሁድ (ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ አይሁዶች) ቤተሰቦችን ይዘው የተበላሸ ብራካ ያለባቸውን ሴቶች ብቻ ለዩ። እ.ኤ.አ. ከ1940 በፊት ከተወለዱት ውስጥ እስከ 50 ዓመታቸው የታመሙት ከመቶ 24 ነበሩ። ከ1940 በኋላ ከተወለዱት ግን ከመቶ 67። ጂኑ ያው ነው። ቤተሰቡም ያው ነው። የተለወጠው ዘመኑ ነው፣ አበላሉ፣ አኗኗሩ። በልጅነታቸው ሲንቀሳቀሱ ያደጉትና ውፍረት ያልነበረባቸው ቆይተው ነው የታመሙት። ስለዚህ «ዘር ነው ወይስ አካባቢ ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ያሳስታል።

ከባቲ፣ የአምስት ልጆች እናት
እንዲህ አታወሳስቡት። እናቶቻችን ስምንትም ዘጠኝም ይወልዱ ነበር። እያንዳንዱን ሁለት ዓመት ያጠቡታል። አሁን በሠላሳ ዓመት አንድ ወልዶ፣ በስድስት ወር ጡጦ ሆኗል። ከዚህ አይደል የመጣው?

ከደሴ፣ ነርስ ነኝ
እትዬ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። ከ30 አገር የተሰበሰቡ 47 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ላይ ሲታዩ፣ እያንዳንዱ ወሊድ አደጋውን በ7 በመቶ ይቀንሳል። ባጠባች ቁጥር ደግሞ ለእያንዳንዱ 12 ወር ተጨማሪ 4.3 በመቶ ይቀንሳል። አምስት ወልደው ሁለት ሁለት ዓመት ካጠቡ ለእርስዎ ቀላል አይደለም።

ምክንያቱን በምናውቀው ነገር ልንገራችሁ። ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲገለብጥ አስቡ። የመድረሳ ደረሳ ኪታብ ሲገለብጥም ያው ነው። ብዙ ገጽ በጻፈ ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የጡትን ሴል በየወሩ «ተባዛ» ይለዋል፣ ማለትም «ጻፍ» ይለዋል። የወር አበባ ቶሎ ከጀመረ፣ ዘግይቶ ከቆመ፣ መሃል ላይ እርግዝናና ማጥባት ካላቋረጠው ገጹ ይበዛል። ካረጠች በኋላ ውፍረት ካለ ደግሞ ስቡ ራሱ ኢስትሮጅን ይሠራል። አልኮልም ሆርሞኑን ከፍ ያደርገዋል። በቀን 10 ግራም አልኮል አደጋውን 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠላው በየዓውደ ዓመቱ ሲሆንና በየቀኑ ሲሆን አንድ አይደለም።

ብራካ ደግሞ አራሚው ነው። ከጸሐፊው ኋላ ቁጭ ብሎ ስሕተቱን ይፍቃል። ጂኑ ተበላሽቶ የተወለደች ሴት አራሚዋ ደካማ ነው። እንግዲህ አራሚው የደከመበት ቤት ጸሐፊው ሌት ተቀን ከጻፈስ? መምህሩ ያሉት 24 ወደ 67 የሄደው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከኮምቦልቻ ላልከው ወንድሜ፣ ዲዲቲን በከንቱ አላነሳህም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የተቀመጠ የነፍሰ ጡሮች ደም ነበረ። ኋላ ሲመረመር፣ 14 ዓመት ሳይሞላቸው ለዲዲቲ ከተጋለጡት ውስጥ በደማቸው ብዙ የተገኘባቸው በአምስት እጥፍ ገደማ በጡት ካንሰር ተይዘዋል። ካደጉ በኋላ የተጋለጡት ላይ ግን በዚያ ጥናት ይህ አልታየም። ይበልጥ የሚጎዳው ጡት ገና ሳይበቅል ሳይሆን አይቀርም። እኛ ቆላ ውስጥ ለወባ ሲረጭ ያደግን ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን።

ከከሚሴ
ጀመዓ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትቆጡኝ። የወሊድ መከላከያው ነው የሚሉ ሰዎች ሰፈራችን ሞልተዋል። ባለቤቴ ፈርታ አቆመች።

ከደሴ፣ ነርስ ነኝ
ዴንማርክ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ሴቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት አለ። ሆርሞን ያለበት መከላከያ የሚወስዱት አደጋቸው 20 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። 20 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። በቁጥር ሲታይ ግን በዓመት ከ7,690 ሴቶች አንድ ተጨማሪ ታማሚ ነው። ያልታሰበ እርግዝና ይዞት ከሚመጣው ጋር ያስተያዩት። በቤቷ የጡት ካንሰር ካለ ግን ለባለሙያ ትንገር፣ ሆርሞን የሌለበትም ዘዴ አለ። ባለቤትህን አብረህ ይዘሃት ሂድ ወንድሜ፣ ብቻዋን አትፍራ።

ከሐይቅ
እኔ ስለ ራሴ ልናገር። በ77ቱ ድርቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከባቲ መጠለያ ነው ይዛኝ የተመለሰች። ባለፈው ዓመት ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ካንሰር ነው ተባልኩ። ከዘሬ ማንም የለም። «እግዜር ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ግን ያ ረሃብ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከወልድያ፣ የባዮሎጂ መምህር
አይዞሽ እህቴ። ሐሳብሽ ባዶ አይደለም። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ከባድ ረሃብ ነበር። ያን ጊዜ ክፉኛ የተራቡት ሴቶች ኋላ የጡት ካንሰር በዝቶባቸዋል። ይበልጡን የታየው በረሃቡ ጊዜ ከ2 እስከ 9 ዓመት በነበሩት ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት፣ የተራበው ሰውነት ምግብ ሲያገኝ የእድገት ሆርሞኖቹን ከልኩ በላይ መልሶ ያነሳል ብለው ነው። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ በጦርነቱ ዓመታት ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ላይ ካንሰሩ ቀንሶ ነው የታየው። ማጣት በየትኛው ዕድሜ እንደደረሰ ይለያል ማለት ነው።

ያኔ ልጅ የነበሩት የወሎ ሴቶች አሁን አርባዎቹና ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ይህን የሚጠይቅላቸው ሰው ያስፈልጋል። ከጋብቻው ክርክር ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከባቲ፣ የአምስት ልጆች እናት
አብሽሪ የኔ እህት። አላህ ያሽርሽ። ክኒን ተሰጥቶሻል?

ከሐይቅ
አሜን። ቀዶ ሕክምናው አልቋል። ታሞክሲፌን እወስዳለሁ። ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዳይመግበው ይዘጋል ብለውኛል።

ከወረኢሉ፣ አባት
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።
ነርሷ፣ የአባት ወገኑን ነገር አላውቅም ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናትየዋ በስንት ዓመቷ ነው የታመመችው? አክስትየዋስ?

ከደሴ፣ ጥያቄውን ያነሳሁት
እናቷ በ38። አክስቷ በ41። የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከደሴ፣ ነርስ ነኝ
ጋሼ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ቁልፍ ነው። አልሸሽግም። ሁለት እህትማማቾች ከ50 ዓመት በታች ከታመሙ ጂኑን እንጠረጥራለን። ይህ ቤት ከእነዚያ ጥቂት ቤቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ከወረኢሉ፣ አባት
ታዲያ ልጁ አልተሳሳተም ማለት ነዋ።

ከደሴ፣ ነርስ ነኝ
ተሳስቷል ጋሼ። እናትየው ጂኑ ቢኖርባት እንኳ ልጅቱ ወርሳው የመሆኑ ዕድል ግማሽ ነው። ወርሳው ቢሆን፣ የተበላሸ ብራካ ካለባቸው መቶ ሴቶች እስከ 80 ዓመታቸው የሚታመሙት 70 ገደማ ናቸው። ከባድ ቁጥር ነው፣ አላቀለውም። ግን 30ዎቹ አይታመሙም። የሚታመሙትም ቶሎ ከተገኘላቸው አብዛኞቹ ይድናሉ። በኛ አገር ሴቶቻችን የሚሞቱት በአብዛኛው ዘግይተው ስለሚመጡ ነው። ብዙዎቹ የሚዘገዩት ደግሞ ስለሚደብቁ ነው። የሚደብቁት ምን ፈርተው ይመስልዎታል? ይኸው እንዲህ ያለውን ነገር ፈርተው።

ሌላ ልጨምር። የተበላሸ ብራካ 1 ካለባቸው ሴቶች ከአንድ ዓመት በላይ ያጠቡት ካላጠቡት ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው በተለያዩ ጥናቶች ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህች ልጅ ከትዳርና ከልጅ ስትከለከል፣ ሊጠብቃት የሚችለውንም ነው የሚነሷት።

ከኮምቦልቻ
እኔ የወንዙን ነገር አልተውም። ግን ይህኛውን ተቀብያለሁ።

ከወረኢሉ፣ አባት
ድሮ ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙ ነበር። ከእነሱ ወገን ማንም አይጋባም ነበር፣ «በዘር ነው» ተብሎ። አባቴም አንዲት ልጅ እንዳላገባ ከለከለኝ። ኋላ በሽታው ከባክቴሪያ እንደሚመጣና እንደሚድን ሰማሁ። ልጅቱን ግን ሌላም አላገባት። የካንሰሩ ነገር እንደዚያ እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ ይሄ በዘርም ይመጣል። እኔ አሁንም ይነገር ባይ ነኝ። ተነግሮ ይጋቡ። የወንዱን አባት የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ፣ ደሴ ወጥቼ ላነጋግረው።

ከደሴ፣ ጥያቄውን ያነሳሁት
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። ልጅቱን ነገ ነርሷ ጋ ይዣት እሄዳለሁ። 24 ዓመቷ ነው።

ከደሴ፣ ነርስ ነኝ
ጠዋት ነይ፣ ሰው ሳይበዛ። ምርመራና ክትትል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በቤቱ በትንሹ ዕድሜ ከታመመችው ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ከ38 አሥር ሲቀነስ 28 ነው፣ ጂኑ ከተገኘባት ግን ከ25 ዓመቷ ጀምሮ ነው፣ እሷ ገና ጊዜ አላት። ታላቅ እህት አላት አላልሽም? እሷንም አምጫት።

ከደሴ፣ ጥያቄውን ያነሳሁት
አለቻት። 31 ዓመቷ ነው። አግብታ መርሳ ነው ያለችው። አሁኑኑ እደውላለሁ።