ጅግሮቼ አንዷን ሊጨርሷት ነው፣ ምን ይሻላል?

የቨርጂኒያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው የምንኖረው። መዥገር ሲያስመርረን ጎረቤታችን ጅግራ አርቡ፣ ለቅሞ ይጨርስላችኋል ብሎን ሰባት ጅግሮች ገዛን። ክረምቱን በሙሉ ሰላም ነበሩ። ጸደይ ከገባ ወዲህ ግን ሁለቱ አንዷን መውጫ መግቢያ አሳጥተዋታል። መኖ ሲቀርብ ያባርሯታል፣ ከኋላ ደርሰው ላባዋን ይነጫሉ፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተወሽቃ ትውላለች። ማታ ቆጥ ላይ እንኳ አያስወጧትም። ዛሬ ሳያት ከጭራዋ በላይ ያለው ቆዳ ተልጦ ደም ይታያል። ከዶሮዎቹ ጋር ላድርጋት? ቁስሉንስ ምን ልቀባው?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እህቴ፣ ለነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ አውጫት። ደም ካዩ ሁለቱ ብቻ ሳይሆኑ ሌሎቹም መንቆር ይጀምራሉ። ቀን አታሳድጃት፣ ሲመሽ በጨለማ ያዣት። ደግሞ እግሯን እንዳትይዢ! የጅግራ እግር እንደ ዶሮ አይደለም፣ ቶሎ ይጎዳል። ሁለቱን ክንፎቿን ከገላዋ ጋር በሁለት እጅሽ እቀፊያት።

ከዶሮዎቹ ጋር ብታደርጊያት ግን አልወድም። ከመንጋው ዓይን ከጠፋች ስትመለስ እንደ ባዳ ነው የሚያይዋት፣ ያኔ ዱላው ይብሳል። እዚያው ቤታቸው ውስጥ ጥግ ላይ በሽቦ ከልለሽ የራሷን ውሃና መኖ ስጫት። ይያዩ፣ ይሰማሙ፣ ግን አይነካኩ።

ላባ፦
ከበዓል በፊት ሁለቱን ጉልቤዎች ወጥ ብታደርጊያቸውስ? ችግሩ ይፈታል፣ ቤቱም ይጠግባል 😄

የከብት ሐኪሙ፦
ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ቁስሉን እንይ። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ 9 ግራም ጨው አሟሚና ደህና አድርገሽ እጠቢው። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ አሳጥሪ፣ አትንቀዪው። ከዚያ ቤታዲን በውሃ አቅጥነሽ ቀጭን ሻይ ሲመስል ቀቢው። አረፋ የሚያወጣውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፣ እሱ የሚድነውን ሥጋም ስለሚጎዳ ተዪው። ጠዋትና ማታ እያገላበጥሽ እዪ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበትና ትል ያፈራል። ሥጋው ከታየ፣ ከሸተተ ወይም መብላት ካቆመች ወደ ሐኪም ውሰጃት። አንቲባዮቲክ ከታዘዘ እንቁላሏ ስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዴ የምትገፋዋ መጀመሪያውኑ የታመመች ነች፣ መንጋው ደካማን ቀድሞ ያውቃል። ክብደቷን፣ ኩሷን፣ ላባዋ ሥር ቅማል መኖሩን አጣሪ።

ጓሮ፦
ሁላችሁም ስለ ተጎጂዋ አወራችሁ፣ ስለ ጥፋተኛው ማንም የለም። ከሰባቱ ወንዶቹ ስንት ናቸው? በመልክ ካልለየሽ ድምፃቸውን ስሚ። ሁለት ቃል ደጋግማ የምትጮኸው ሴቷ ናት፣ ወንዱ ያንን ድምፅ አያወጣም። ተዘግተው ሲኖሩ ለአራት ወይም ለአምስት ሴት አንድ ወንድ ይበቃል።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እሱ እውነቱን ነው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ የዱር ጅግሮቹን ሳያቸው፣ በበጋ በትልቅ መንጋ ይሄዱና ዝናብ ሲመጣ ወንድና ሴት እየሆኑ ይበታተናሉ። ጠቡ እዚያም አለ፣ ግን የተሸነፈው ሮጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ያንቺዋ የት ትሩጥ? አጥር አለ። ስለዚህ ቦታ አስፊላቸው፣ መኖውንና ውሃውን ሁለት ሦስት ቦታ አድርጊው፣ አንዱ ቆሞ ሁሉንም እንዳይከለክል። ቅርንጫፍ፣ የተጋደመ ጣውላ፣ ከዓይን የሚጋርድ ነገር ጣል ጣል አድርጊበት። ቆጡንም አስረዝሚው።

የቨርጂኒያዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታ በባትሪ ያዝናት፣ ባለቤቴ ክንፏ ፊቱን በጥፊ አጮለው እንጂ ሌላ ጉዳት የለም። ታጥባ ጥግ ላይ ሆና እየበላች ነው። ድምፁን ሳዳምጥ ደግሞ ሁለት ቃል የሚጮኹት ሦስት ብቻ ናቸው! አራቱ ወንድ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንዴት ልመልሳት?

ጓሮ፦
ይኸው፣ አራት ወንድ ለሦስት ሴት! ሁለቱን ጉልቤዎች ስጪ ወይም ሽጪ፣ ወይም የላባን ምክር ስሚ። መስጠት ካልፈለግሽ ለብቻቸው በሌላ አጥር ይሁኑ። ለጥቂት ቀን ብቻ አውጥተሽ ብትመልሻቸውም ማዕረጋቸው ዝቅ ይላል፣ ግን በዚህ ወቅት ብዙ አትተማመኝበት።

የከብት ሐኪሙ፦
እሷን ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም፣ አዲስ ላባ ሳያቆጠቁጥ አትመልሻት። ቀዩ ገላ ከታየ ይነቁሩታል። ስትመልሻት ሲመሽ፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ይሁን፣ በማግስቱም ሲነጋ እዚያው ሆነሽ እዪያቸው።