ሶሻሊዝም ለዓለም ባህል ምን ሰጠ? ምንስ ነጠቀ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። የሶሻሊዝም ቲዎሪ የዓለምን ባህል አሳደገ ወይስ አቀጨጨ? የውጭውን ዓመት በፈረንጆቹ፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጻፍ።

የፊልም ተማሪ፦ እኔ አሳድጓል ባይ ነኝ። ሴኔጋላዊው ፊልም ሠሪ ኡስማን ሴምቤን በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ከ1934 ጀምሮ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ያለ ፈቃድ ፊልም መቅረጽ ከልክላ ነበር። ታዲያ ሴምቤን ፊልም የት ተማረ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞስኮ፣ ጎርኪ ስቱዲዮ። የማሊው ሱሌይማን ሲሴም፣ ኋላ የመጣው አብዱራህማን ሲሳኮም ሞስኮ ነው የተማሩት። ባህል የሁሉም ነው የሚል ሐሳብ ባይኖር ለወደብ ሠራተኛ ካሜራ የሚሰጥ ማን ነበር?

ግጥም አንባቢ፦ እህቴ፣ በዚያው በሶቪየት አገር ሌላም ነገር ሆኗል። ደራሲው ባቤልና የቲያትር አዘጋጁ ሜየርሆልድ በ1940 ተረሸኑ። ገጣሚው ማንደልሽታም በ1938 እስረኞች መሸጋገሪያ ካምፕ ውስጥ ሞተ። አና አኽማቶቫ ግጥሟን ወረቀት ላይ ጽፋ ለወዳጅ ታሳያለች፤ ወዳጇ በቃሏ ትይዛለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ታቃጥለዋለች። ሰው የራሱን ግጥም የሚያቃጥልበትን አገር የባህል ባለውለታ ማለት ይከብደኛል።

መምህር፦ ያ የስታሊን ሥራ ነው፣ የቲዎሪው አይደለም። በ1920 የነበረውን ክርክር እንይ። ፕሮሌትኩልት የሚባለው ንቅናቄ የሠራተኛው መደብ የራሱን አዲስ ባህል ይፍጠር ይል ነበር። አንዳንዶቹ የድሮውን እስከ መጣል ሄደዋል። ሌኒን በጥቅምት ወር ለወጣቶች ሲናገር ይህን ተቃወመ። የሰው ልጅ እስከዛሬ ያከማቸውን እውቀት ሳይወርሱ አዲስ ባህል አይገነባም ነው ያለው። ይህን የመሰለ ለዓለም ባህል ክብር የሚሰጥ ሐሳብ እንዴት ጠላት ይባላል?

ግጥም አንባቢ፦ መምህር፣ ንግግሩ ትክክል ነበር እንበል። ቀጥሎ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት ፕሮሌትኩልት በፓርቲው ውሳኔ በትምህርት ኮሚሳሪያቱ (በትምህርት ሚኒስቴሩ) ስር ገባ። ክርክሩ በትእዛዝ ተቋጨ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ የሚል ፓርቲ የትኛው ልብ ወለድ እንደሚያስፈልግም አውቃለሁ ማለቱ አይቀርም። እኛስ በዓሉ ግርማን አላጣንም? ኦሮማይ እንደታተመ ከገበያ ተሰበሰበ። እሱም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

የመርካቶ ልጅ፦ በዓሉን ማንም አይረሳም። እኔ ግን እናቴን ላንሳ። ስሟን መጻፍ የቻለችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ኋላ በአስራ አምስት ቋንቋ ሄዷል። ቀን ጉልት ላይ ውላ ማታ ደብተር ይዛ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ ዳዊቷን ራሷ ታነባለች። ያ መንግሥት ወንድሟን ገድሎባታል። ስለ ዘመቻው ስትጠየቅ ግን ክፉ አትናገርም።

አወያይ፦ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። የፊልም ተማሪዋ መልስ አላት?

የፊልም ተማሪ፦ አለኝ፣ ግን እኔኑ የሚፈትን ነው። ሴምቤን በ1977 ቼዶ (Ceddo) የተባለ ፊልም ሠራ። ሴኔጋል ውስጥ ታገደ። ፕሬዚዳንቱ ሴንጎር ራሱ ገጣሚ፣ የአፍሪካ ሶሻሊዝም አራማጅ፣ በ1966 የጥቁር ሕዝቦችን የጥበብ ፌስቲቫል ዳካር ላይ ያስተናገደ ሰው ነው። የተሰጠው ምክንያት ርእሱ በሁለት «ዲ» ፊደል ተጻፈ የሚል ነበር፤ መንግሥት በአንድ ይጻፍ ብሎ ነበርና። እዚያ ስታሊን የለም። ስለዚህ መምህር፣ የስታሊን ሥራ ብቻ ነው የሚለውን መልስዎን ከእንግዲህ ይዤ መከራከር አልችልም። ሴምቤን ግን ሁለተኛውን «ዲ» አላነሳም አለ።